ስለ ነጻው የኮምፒዩተር ሥርዓትና በአጋርፋ ስለ አጫጫኑ

አጋርፋ ከሮቤ በሰሜን ምዕራብ በኩል በባሌ ደጋ ላይ ያለች የስንዴና የገብስ አገር ናት። ስሟ በሩቅ የተሰማው ይልቁንም በደርግ ዘመን ገበሬዎች እየመጡ ይማሩበት በነበረው ማሠልጠኛ ምክንያት ነው። እኛ ሦስት ተማሪዎች ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደዚያ ስንሄድ፥ ያየን ሰው ስለ እርሻ ወይም ስለ ጥንት ነገር ልንጠይቅ የመጣን ሳይመስለው አልቀረም፤ የሄድንበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ከመካከላችን የአንደኛው አጎት የእህል ንግዳቸውን ሒሳብ የሚይዙበት አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር ነበራቸው። መሣሪያው በቫይረስ ብዛት ምክንያት ለመነሣት ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅ ስለ ነበር፥ የቀድሞውን ሥርዓት አንሥተን ነጻውን ሥርዓት ልንጭንበት ተስማማን። ከሦስታችን አንዱም እንኳ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ የሞከረ አልነበረም።

በአንድ ቀን ያልቃል ብለን የገመትነው ሥራ አምስት ቀን ፈጀ፤ በመካከሉም ሊመለስ የማይችል ጥፋት አደረስን። ስለ ጥፋቱ በተራው እንናገራለን። ነገር ግን ምክንያቱን እየተከተልን ወደ ኋላ በሄድን ቍጥር፥ የደረሰብን ነገር ነጻው ሥርዓትና ፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር ከገቡበት ታሪክ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ፍለጋ ፍሬ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍነው ሲኖር «ዓ. ም.» የሚል ምልክት አለው።

አስቀድመን ስለ ሁለት ቃላት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም፥ በአማርኛም ሥርዓተ ክወና የሚባለው፥ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣና ዲስኩን፥ የመጻፊያ ሰሌዳውን፥ ማተሚያውንና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። እኛ ለማሳጠር ሥርዓት እንለዋለን። እርሱን በመሣሪያው ላይ ማኖር «መጫን» ይባላል። በአጋርፋ ገበያ መጫን ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ኩንታል በአህያ ላይ ማውጣት ነው፤ የኮምፒዩተሩን ቍልፍ በጣት መንካትም ደግሞ «መጫን» ስለ ሆነ፥ «ለመጫን ይህንን ይጫኑ» ብለን ስናነብላቸው አጎታችን ብዙ ሳቁ። በሮቤና በጎባ ግን ሕዝቡ ወደ ኮምፒዩተር ቤት ሲሄድ የሚለው ከሁለቱም የተለየ ነው፤ «ፎርማት ላስደርግ መጣሁ» ይላል። ይህ የልማድ ቃል ለደረሰብን ነገር ዋና ምክንያት ስለ ሆነ፥ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

ሁለተኛው ቃል «ነጻ» ነው። እንግሊዝኛ ያለ ዋጋ የሚሰጠውንና አርነት ያለውን በአንድ ቃል ስለሚጠራ፥ የነጻው ሥርዓት ደራስያን ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ ደክመዋል። አማርኛ ግን በአንዲት ፊደል ይለየዋል፤ «በነጻ» የተሰጠ ነገር ሌላ፥ «ነጻ» የሆነ ነገር ሌላ ነው። በአገራችን የዚህ ሥርዓት ዕድል የተወሰነው በዚህች በአንዲቱ ፊደል እንደ ሆነ ወደ ፊት እናሳያለን።

የነገሩ መነሻ አንድ ማተሚያ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠራ፥ ለቤተ ሙከራው የተሰጠው ማተሚያ ወረቀት ሲይዝበት ለተጠቃሚዎቹ እንዲያስታውቅ አድርጎ ፕሮግራሙን ሊያሻሽል ፈለገ፤ ነገር ግን የፕሮግራሙን ጽሑፍ የሚሰጠው ሰው አጣ። ከዚህና ከመሳሰለው ቅሬታ የተነሣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 ማንም ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የሚችል ሥርዓት እንደሚሠራ አስታወቀ፤ ስሙንም ግኑ አለው። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ. ም.፥ የደመራ ዕለት ነበር። በ1989 የወጣው የግኑ አጠቃላይ ፈቃድ የነገሩን ሕግ ወሰነ። በዚህ ፈቃድ መሠረት ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንደ ፈለገ ሊሠራበት፥ ውስጡን ሊመረምር፥ ለጎረቤቱ ሊያካፍልና ሊያሻሽል ይችላል፤ ያሻሻለውን ለሌላ ሲሰጥ ግን ያንኑ መብት አብሮ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ግኑ ብዙ ክፍሎች ተሠርተውለት ሳለ ዋናው አስኳሉ ገና ነበር። ኦገስት 25 ቀን 1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት፥ ለትርፍ ጊዜው ማሳለፊያ የሚሠራው አንድ አነስተኛ ሥርዓት እንዳለው ለሙያ ወዳጆቹ ጻፈ። በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ. ም. መሆኑ ነው፤ ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ያህል ሆኖት ነበር። ሊኑክስ የተባለው ይህ አስኳል በ1992 ከግኑ ፈቃድ በታች ስለ ገባ ሁለቱ ተገጣጠሙ። አስኳሉንና ክፍሎቹን አሰናድቶ፥ ለሚጭነው ሰው በሚመች አኳኋን የሚያቀርብ ማኅበር ሲያስፈልግ ደግሞ ኢያን ሙርዶክ በ1993 ደቢያንን መሠረተ፤ ስሙም ዴብራ ከምትባል ወዳጁና ከራሱ ስም የተገጠመ ነው። በደቢያን ላይ ተመሥርቶ ኡቡንቱ በኦክቶበር 2004 ወጣ። ገንዘቡን ያወጣው ማርክ ሻትልወርዝ የደቡብ አፍሪካ ሰው ስለ ሆነ፥ ስሙን የወሰደው ከዚያ አገር ከንጉኒ ቋንቋዎች ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህንን አሠራር ለማስረዳት ደቦን ይጠቅሳሉ። እኛ ግን ምሳሌው የሚገጥመው በግማሽ ብቻ ይመስለናል። በደቦ የታጨደው ማሳ የአንድ ሰው ነው፤ ባለ ማሳውም የመጡትን ያበላል፥ ያጠጣል፥ ነገም በተራው ወደ እነርሱ ይሄዳል። እዚህ ግን ማሳው የማንም አይደለም፤ አጫጁም ማን እንደሚበላው ሳያውቅ ያጭዳል።

አሁን ወደ ፊደላችን እንመለስ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በነበረው ኮምፒዩተር በአንድ ፎንት ውስጥ የሚገኘው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን፥ ከዚህም አንዳንዱ ለትእዛዝ የተያዘ ነበር። የአማርኛ ፊደል 33ቱ ሆሄያት በሰባቱ ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏና ቷ፥ እነ ቈና ጐ፥ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመሩበት ስፍራው አይበቃም። ስለዚህ ቀዳሚዎቹ ባለሙያዎች የነበራቸው መንገድ የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ስፍራ ላይ ማስቀመጥ፥ አልበቃ ባለም ጊዜ ፊደሉን በሁለትና ከዚያም በበለጡ ፎንቶች መክፈል፥ ወይም ቅጥያውን ለብቻ ቀርጾ ከግንዱ ጋር ማጣበቅ ነበር። በውጭ አገር እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ሰዎች በ1980ዎቹ ጀመሩት፤ በአገር ቤትም «አጋፋሪ» የተባለው ፕሮግራም፥ ኋላም «ፓወር ግዕዝ»ና «ቪዥዋል ግዕዝ» ተከተሉ። የእነዚህን ሰዎች ድካም ማቃለል አይገባም፤ ለብዙ ዓመት በኮምፒዩተር የተካሄደው የአማርኛ ጽሕፈት በእነርሱ ላይ የቆመ ነበር። ችግሩ አደራደሩ እንደየፕሮግራሙ መለያየቱ ነው። በአንዱ «ለ» የተቀመጠበት ስፍራ በሌላው የሌላ ፊደል ስፍራ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒዩተሩም ራሱ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ቍጥር ብቻ ስለ ሆነ፥ ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ትርምስ ሆኖ ይታያል።

ፊደላችን በማተሚያ መጀመሪያ የታተመው በ1513 በሮማ፥ ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን ባሳተመ ጊዜ ነበር። ወደ ኮምፒዩተር ሲገባም ብዙው ሥራ በባዕድ አገር፥ ከፊሉም በባዕድ ሰው እጅ ተሠራ። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የግዕዝን ፊደል በላቲን ቍልፎች የመወከያ ደንብ አወጡ፤ ስሙን ሴራ አሉት። (ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች የተገጠመ ነው እንጂ እኛ ከምናውቀው ሴራ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።) በዚህ ደንብ «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ ኤስ፥ ኢ፥ ኤል፥ ኤ፥ ኤም የሚባሉትን አምስት ቍልፎች ተራ በተራ መንካት ይበቃል። ከዚህ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን ሌላው ነው። ስቶልማን የጀመረው ኢማክስ የተባለ ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም በ1997 ሃያኛው እትሙ ሲወጣ ግዕዝ የሚጻፍበት ክፍል ነበረው፤ የዚያን ክፍል ፕሮግራም የጻፈውም ናኦቶ ታካሐሺ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ፕሮግራሙ ነጻ ስለ ነበር ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በአንድ መዝገብ አስፍሮ ለእያንዳንዱ ፊደል የማይለወጥ የራሱን ቍጥር ይሰጣል። በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትም ለግዕዝ ፊደል 345 ስፍራ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ «ለ» በጅማም ሆነ በቶኪዮ አንድ ቍጥር አላት፤ የላቲኑንም ስፍራ መበደር ቀረ። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የበጎ ፈቃድ ማኅበር ደግሞ በሊኑክስ መሠረታዊ ክፍል ውስጥ የአማርኛን፥ የኦሮምኛን፥ የትግርኛን፥ የሶማሊኛን፥ የአፋርኛን፥ የሲዳምኛንና የሌሎችንም ቋንቋዎች የቀንና የወር ስም አስገባ። እዚህ ላይ አንድ ልብ ያልነው ነገር አለ። የኦሮምኛው ሰንጠረዥ ለአውሮፓ ወሮች አማጂና ጉራንዳላ እያለ የራሱን ስም ሲሰጥ፥ የአማርኛው ጃንዩወሪና ፌብሩወሪ ይላል። የእኛ ጥርና የካቲት ከአውሮፓው ወር ጋር ስለማይገጥሙ ሌላ ምን ይደረግ ነበር? አማርኛ የራሱን ዘመን አቆጣጠር ሳይለቅ መቅረቱ በኮምፒዩተር ላይ ባለ ውሰት ቃላት አድርጎታል።

ለጀማሪ ሰው ዋናው ቀን ግን ፌብሩወሪ 14 ቀን 2009፥ በእኛ የካቲት 7 ቀን 2001 ዓ. ም. ነው። በዚያ ዕለት የወጣው ደቢያን አምስተኛ እትም በ63 ቋንቋዎች የሚጫን ሆነ፤ በዚያን ጊዜ አዲስ ከተጨመሩት አምስት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ሌሎቹ ማራቲ፥ አይሪሽ፥ የሰሜን ሳሚና ሰርብኛ ናቸው። እንግዲህ ሰው ገና ምንም ባልተጫነበት ባዶ መሣሪያ ላይ፥ ሥርዓቱ «አማርኛ» የሚል ቃል አቅርቦ ሊቀበለው ቻለ። ይህም የሚሆነው በሥዕላዊው የመጫኛ ገጽ ሲገቡ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ መንገዶች ተራውን የጽሑፍ ገጽ የመረጠ ሰው ቋንቋውን በዝርዝሩ ውስጥ አያገኘውም። እኛም በመጀመሪያው ቀን ስናጣው የለም ብለን ነበር።

ሥርዓቱ ወደ አገራችን ስለ ገባበት መንገድ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኛ ግን ያጓጓዙን ነገር ብቻ እናነሣለን። ኢትዮጵያ ለሕዝብ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በ1997 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መስመሩ ከዋና ከተማው ወጣ ሲል ቀጭን ነበር። ኡቡንቱ የጀመረ ጊዜ ሥርዓቱ በአንዲት ባለ 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ ይበቃ ስለ ነበር፥ ድርጅቱ ለጠየቀው ሁሉ የፖስታውን ዋጋ ሳይቀር ከፍሎ ሲዲውን በየአገሩ ይልክ ነበር። የፖስታ ሣጥን ቍጥር ያለው ኢትዮጵያዊም እንደ ማንኛውም ሰው መጠየቅ ይችል ነበር። ይህ ልገሳ በ2011 ቆመ፤ የተሰጠውም ምክንያት ሰው ሁሉ በኢንተርኔት ሊያወርደው ይችላል የሚል ዓይነት ነበር። ሥርዓቱ ግን እያደገ ሄዶ ዛሬ የኡቡንቱ ቅጂ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ለባለ ሰፊ መስመር አገር ይህ የደቂቃዎች ነገር ነው፤ ዳታ በጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም የአጋርፋ ተማሪ ግን የወር ወጪው ነው። ፖስታው የቀረበት ሰው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ግድ ሆነበት። በ2020 የበጋ ወራት፥ በእኛ ክረምት፥ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል በተቋረጠ ጊዜም ከእጅ ወደ እጅ ያልተቋረጠው ይኸው መንገድ ብቻ ነበር።

ነጻው ሥርዓት በኢትዮጵያ ልጆች እጅ በብዛት የገባው ግን ማንም «ልጫን» ሳይል ነው። ከ2008 አካባቢ ጀምሮ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ጥቂት ሺህ ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ኮምፒዩተሮች ለትምህርት ቤቶች ሲያድል፥ በውስጣቸው ያለው ሊኑክስ ነበር። በ2012 ይኸው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ላሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን ሰጠ። ታብሌቶቹ የሚሠሩበት አንድሮይድ አስኳሉ ሊኑክስ ነው። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፥ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ውስጥም ልጆቹ ተዘግቶባቸው የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። አንድ ሠራተኛ በሳምንት አንድ ጊዜ እየሄደ የመሣሪያዎቹን ካርድ በእጁ ይለዋውጥ ነበር። የታሪክ ተማሪ ሆነን ስንመለከተው ይህ ሁሉ የሰጪው ወገን ቃል ነው፤ የልጆቹን ቃል ያነበብንበት ስፍራ የለም። የሆነ ሆኖ ያ ካርድ እንደ ፍላሹ ሁሉ በሰው እግር የሄደ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ በነጻ የሚገኝ፥ ፊደላችንን የሚያውቅና ያረጀ መሣሪያ የማይንቅ ሥርዓት ካለ፥ በሮቤ የኮምፒዩተር ቤቶች ለምን አልተስፋፋም? ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ በአንዲቱ ፊደል ውስጥ ነበር። ዊንዶውስም በተግባር «በነጻ» ይገኛል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የተጠበቀ ቢሆንም፥ ያልተፈቀደው ቅጂ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ኖሯል፤ ደንበኛውም የሚከፍለው የፎርማት አድራጊውን የድካም ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጻው ሥርዓት በሌላ አገር የሚመካበት የዋጋ ጥቅም እዚህ ምንም አልነበረም። የቀረለት «ነጻ» መሆኑ ብቻ ነው፤ የመመርመርና የማሻሻል መብት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰው ላላገኘ ጀማሪ እንጀራ አይሆንም። ማተሚያው አልታዘዝ ሲለው፥ ወይም መሥሪያ ቤቱ የላከለት ሰነድ አልከፈት ሲል ወደ ማን ይሄዳል? በዊንዶውስ ወደ አንዱ ኮምፒዩተር ቤት ይሄዳል።

ወደ አጎታችን ቤት እንመለስ። በመጀመሪያው ቀን ይዘነው የሄድነው ቅጂ ትንሹ ነበር፤ እርሱም በመጫኑ መካከል የቀረውን ከኢንተርኔት የሚያመጣ ሆኖ ስለ ተገኘ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። በማግስቱ አንዳችን ሮቤ ሄዶ ሙሉውን ቅጂ፥ አራት ጊጋባይት ያህል የሆነውን፥ ሲያወርድ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፍላሹን ሰክተን፥ ሥዕላዊውን ገጽ መርጠን፥ «አማርኛ» የሚለውን አግኝተን ደስ አለን። ኦሮምኛን ግን በዝርዝሩ አላየነውም። የገጹ ቃል አንዳንዱ በአማርኛ፥ አንዳንዱ በእንግሊዝኛ እየሆነ እስከ ዲስኩ ክፍፍል ደረስን።

እዚህ ላይ «ፎርማት» የሚለውን ቃል አንባቢ ያስታውስ። በአገራችን ፎርማት አድራጊዎች አንዱን ዲስክ «ሲ» እና «ዲ» ብለው ለሁለት የመክፈል ልማድ አላቸው፤ ሥርዓቱ በ«ሲ» ላይ፥ የደንበኛው ሰነድ በ«ዲ» ላይ ይሆናል። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው «ሲ» ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ሕዝቡ «ዲ»ን ራሱን የቻለ ሌላ ዲስክ፥ የማይነካም ጎተራ አድርጎ ያስበዋል፤ እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር። ሊኑክስ ግን «ሲ»ም «ዲ»ም አያውቅም፤ ለእርሱ ያ ሁሉ አንድ ዲስክ ሲሆን፥ ክፍሎቹንም በቍጥር ብቻ ይጠራቸዋል። እኛ በ«ሲ» ላይ የነበረውን የአጎታችንን ሰነድ በጥንቃቄ ወደ ፍላሽ ገልብጠን፥ «ሙሉውን ዲስክ ተጠቀም» የሚለውን መረጥን። ለውጡን በዲስኩ ላይ ከመጻፉ በፊት ሥርዓቱ ደግሞ ጠይቆናል፤ ሳናነበው «አዎ» አልን። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ማታ አጎታችን ሲመጡ ገጹ ሰማያዊና ንጹሕ ሆኖ ጠበቃቸው።

«ልጆች፥ ጨረሳችሁት?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፥ ፎርማት ሆኗል። እንደ አዲስ ነው የሚነሣው።»

«ተባረኩ። ፎርማቱስ ብዙ ጊዜ ተደርጓል፤ የኔ ሁሉ ዲ ላይ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተናገርነውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። የጠፋው የአሥራ አንድ ዓመት የእህል መዝገብና የገበሬዎች የብድር ስም ዝርዝር ነበር። አጎታችን አልተቈጡም፤ ዝም ብለው ወጥተው በደጃፉ ቆሙ፤ ይህም ከቍጣ ይልቅ ከበደን። በማግስቱ ከመሳቢያ ውስጥ ያገኙትን አንድ አሮጌ ፍላሽ አምጥተው ሰጡን። የቀሩትን ሁለት ቀኖች የፈጀነው በዚህ ነው።

በፍላሹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰነድ ነበር። ለወረዳው የተጻፉት ማመልከቻዎች በኦሮምኛ፥ በቁቤ የተጻፉ ነበሩ፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በባሌ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ኦሮምኛ ነውና። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለ ሆነ እነዚህ በአዲሱ ሥርዓት አንድ ፊደል ሳይጎድልባቸው ተከፈቱ። በአማርኛ የተጻፉት ሦስት መዝገቦች ግን ዩኒኮድ ካልነበሩት የቀድሞ ፎንቶች በአንዱ የተጻፉ ሆነው፥ የላቲን ፊደልና የነጥብ ትርምስ ሆነው ታዩ። ፎንቱም ያለው በጠፋው ዲስክ ውስጥ ነበር። ፊደሉ በዚህ ቤት በ1999 የዩኒኮድ ሦስተኛው እትም በወጣ ጊዜ አልተለወጠም፤ ሰዎች በለመዱት መጻፋቸውን ቀጥለዋልና። እንዲህ ያለ ሰነድ በአንድ እህል ነጋዴ ቤት ይህን ያህል ከሆነ፥ ከኮምፒዩተር መግባት እስከ ዩኒኮድ መለመድ ባለው ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፈው ምን ያህል እንደሚሆን አሰብነው። የብራናውን መጽሐፍ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ እናነባለን፤ ይህ ግን ሃያ ዓመት ሳይሞላው ቍልፉ ጠፍቶበታል።

ቍልፉን መልሶ ለመሥራት የተጠቀምንበት ዘዴ የቀድሞ ሊቃውንት የማይታወቅ ጽሕፈት ሲያገኙ እንደሚያደርጉት ነው። አጎታችን ከሦስቱ መዝገቦች የአንደኛውን ገጽ በወረቀት ታትሞ በመሳቢያ ውስጥ ስላገኙት፥ ወረቀቱን ከኮምፒዩተሩ ትርምስ አጠገብ አስቀምጠን ፊደል በፊደል አስተያየን። «ገብስ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ ሦስት ፊደል ሰጠን፤ «ስንዴ» ደግሞ ሁለት ጨመረልን፤ የገበሬዎቹ ስም ብዙዎቹን ካዕብና ሣልስ አስገኘልን። ከዚያም ሊኑክስ ራሱ ከያዛቸው የጽሑፍ መለዋወጫ ትእዛዞች በአንዱ ሰንጠረዡን አስገብተን ሁለቱን መዝገቦች ወደ ዩኒኮድ መለስናቸው። አጎታችን የተመለሰውን ዝርዝር ከሥር እስከ ላይ አንብበው፥ አንዱ ተበዳሪ ዕዳውን ከሁለት ዓመት በፊት የከፈለ መሆኑን በእርሳስ አመለከቱ።

ሦስተኛው መዝገብ ገና ነው። በወረቀቱ ላይ የሌሉ ጥቂት ፊደሎች ስላሉበት፥ በተለይም በቃለ አጋኖ ምልክት ሥር የተቀመጠችው ፊደል «ጐ» ትሁን «ጓ» እስከ አሁን አልለየናትም። በአጋርፋ በዚያው ፎንት የታተመ ሌላ ወረቀት ያለው ሰው እንዲፈለግልን አጎታችንን ለምነናቸዋል፤ እርሳቸውም በገበያ ቀን እየጠየቁልን ነው።